ከዲንሾ እስከ ሶፍ ዑመር፤ በእግርና በቢስክሌት ለሚጓዝ እንግዳ ዕቅድ ስለ ማውጣት

ንግድ ማለት ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ የውጭ አገር ሰው በገዛ ገንዘቡ ባሕር ተሻግሮ የባሌን ደጋ በእግሩና በቢስክሌት ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ፥ አልጋ የሚያከራየው፥ ምግብ የሚያሰናዳለት፥ ጓዙን በፈረስ የሚጭንለትና መንገድ የሚመራው ሁሉ ነጋዴ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እነዚህ ሁሉ ለእንግዳው የሚሸጡለት ነገር ጊዜ ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ቢበላሽ በሌላ ኩንታል ይተካል፤ የእንግዳ የዕረፍት ቀን ግን አንድ ጊዜ ከባከነ የሚተካበት መንገድ የለም። ስለዚህ ይህን የመሰለውን ሥራ ለያዙና ሊይዙም ለሚያስቡ አንባብያን ስለ ጉዞ ዕቅድ አወጣጥ ጥቂት ትምህርት ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ትምህርቱን ከራሴ ስሕተት ብጀምር ይሻላል። እኔ በሮቤ ከተማ የአንድ የእህልና የሸቀጣሸቀጥ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ከዓመታት በፊት አራት የውጭ አገር እንግዶች በወዳጅ በኩል ወደ ጌታዬ መጥተው፥ ማረፊያቸውንና መጓጓዣቸውን ሁሉ እንዲያሰናዱላቸው ተዋዋሉ። ዕቅዱን የማውጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እኔም ካርታ ዘርግቼ፥ በማስመሪያ ለክቼ፥ ኪሎ ሜትሩን ለየቀኑ አካፍዬ፥ በንጹሕ ወረቀት ጽፌ አቀረብሁ። ወረቀቱ ሲያዩት ያማረ ነበር። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ በመጡ ማግሥት በሰነቲ አምባ ላይ ድንኳን ተክለው እንዲያድሩ ወሰንሁ፤ ለሶፍ ዑመርም አንድ ቀን ለመሄጃ፥ አንድ ቀን ለመመለሻ ሰጥቼ በቢስክሌት እንዲጓዙ አደረግሁ።

በሰነቲ በመጀመሪያዋ ሌሊት ከእንግዶቹ አንዲቱን ራስ ምታት ያዛት፤ አስታወካትም፤ ሲነጋ ቀጥ ብላ መራመድ አቃታት። ፈረሶቹን ይዘው የመጡት አዛውንት፥ «ለዚህ ሕመም ከቁልቁለት በቀር መድኃኒት የለውም» ብለው መከሩን። ወዲያው በመኪና ወደ ጎባ አወረድናት፤ ምስጋና ለአምላክ ይሁንና ከሰዓት በኋላ ተሻላት። የቀሩት ሦስቱ ወደ ሶፍ ዑመር ሲወርዱ እየዘፈኑ ወረዱ፤ ሲመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት ሆኖ ጠበቃቸው። ጨልሞባቸው በመንገድ ዳር ተቀምጠው ሳሉ የጌታዬ የጭነት መኪና አገኛቸው። ጌታዬ የተቀበሉትን ገንዘብ እኩሌታ መልሰው እንግዶቹን ከሸኙ በኋላ ወረቀቴን አንሥተው፥ «ልጄ፥ ኪሎ ሜትሩን ቆጥረሃል፤ ዳገቱን ግን አልቆጠርህም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን እነሆ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አገሩ አቀማመጥ

ዕቅድ አውጪ ከሁሉ አስቀድሞ አገሩ ወዴት እንደሚወጣና ወዴት እንደሚወርድ ማወቅ ይገባዋል። በባሌ ይህን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መምህር የወይብ ወንዝ ነው። ወይብ ከባሌ ተራሮች ይነሣል፤ በፊንጫ ሐበራ ፏፏቴ ይወረወራል፤ ከዚያም ወደ ቆላው ወርዶ በሶፍ ዑመር ከተራራው ሥር ገብቶ በሌላው ወገን ይወጣል፤ በመጨረሻም ከገናሌ ይቀላቀላል። እንግዳውም ከዲንሾ እስከ ሶፍ ዑመር ሲጓዝ በአንድ ወንዝ ላይ ከራስጌ ወደ ግርጌ እንደሚጓዝ ይቈጠራል።

በቁጥር ሲነገር፥ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል፥ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። የሰነቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ በላዩም የቆመው የባሌ ከፍተኛው ተራራ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ስሙም በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ነው። ሶፍ ዑመር በአንጻሩ ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከሮቤም አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሞቃት ስፍራ ነው። እንግዲህ አንድ እንግዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሃ የሚያረጋ ብርድና ላብ የሚያፈስ ሙቀት ሊያገኘው ስለሚችል፥ ሁለቱንም የሚመክት ልብስ እንዲይዝ ከአገሩ ሳይነሣ በደብዳቤ ሊነገረው ይገባል።

2ኛ. ስለ ወራት አመራረጥ

ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወራት ነው። በዚህ ወቅት ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ጭቃውም የደረቀ ነው። ነገር ግን ሌሊቱ በሰነቲ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፥ «በጋ ነው» ሲባል ሙቀት ነው ብሎ ስስ ልብስ ይዞ የሚመጣ እንግዳ እንዳይኖር በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ክረምት የሚከለከለው ስለ ጭቃው ብቻ አይደለም። በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለማለፍ የወይብን ውሃ ደጋግሞ መሻገር ግድ ነው። ወንዙም የሚሞላው በደጋው በዘነበው ዝናብ ስለ ሆነ፥ በዋሻው ደጃፍ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመግባት በፊት በደጋው ዘንቦ እንደ ሆነ በስልክ መጠየቅና የስፍራውን ሰዎች ማማከር የማይታለፍ ግዴታ ነው።

3ኛ. ስለ ከፍታ

ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ እምብዛም አይሰማው ይሆናል፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚመጣ እንግዳ ግን ብርቱ ፈተና ነው። ወጣትነትና ጡንቻም ከዚህ ሕመም አያድኑም፤ እንዲያውም ጉልበቱን ተማምኖ የሚሮጠው ቀድሞ ይታመማል።

የተራራ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ስፍራ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን እንዲታረፍ፤ ቀን ከፍ ወዳለ ስፍራ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር የሚበጅ መሆኑን እንዲታወቅ። ራስ ምታት የያዘው ሰው እስኪሻለው ድረስ ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። መንገዳገድ፥ የሐሳብ መደናገር ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር የታየበት ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ታች ሊወርድና ወደ ሐኪም ሊደርስ ይገባል። ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም። በእኔ ዕቅድ ውስጥ እንግዶቹን ከሮቤ አንሥቼ በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ አድርጌ ማሳደሬ፥ ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

4ኛ. ስለ ሰዓት አቆጣጠር

ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቀላል ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉም ወደ እኛ መለኪያ ተመልሶ ሲጠጋጋ፥ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፥ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ቁጠር የሚል ነው። ይህ ሕግ የተነገረው ዝቅ ባለ አገር ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ በባሌ ደጋ ከሚወጣው ድምር ላይ ሢሶውን እጨምራለሁ፤ ለምግብና ለዕረፍትም አንድ ሰዓት ተኩል አኖራለሁ።

ለምሳሌ የቀኑ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር፥ አቀበቱም 400 ሜትር ቢሆን፥ ለርቀቱ 3 ሰዓት፥ ለአቀበቱ 40 ደቂቃ፥ በድምሩ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ሢሶው ሲጨመር ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፤ ዕረፍቱ ሲታከል 6 ሰዓት ተኩል ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የሚቀረው ጊዜ ድንኳን ለመትከልና ላልታሰበ ችግር ይበቃል። ማልዶ መነሣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ባለ መንታ በትራቸውን ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዚያራ የሚጓዙ ሰዎች ይህን ሕግ በወረቀት ሳያዩት በእግራቸው ያውቁታል።

5ኛ. ስለ ቢስክሌት

የኢትዮጵያ ልጆች በ1949 ዓ.ም. አገራችን በመጀመሪያ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ በቢስክሌት መወዳደራቸውን ብዙ ሰው አያስታውስም። በባሌ ግን ቢስክሌት የሚጋልብ እንግዳ የሚመጣው ለውድድር ሳይሆን አገር ለማየት ስለ ሆነ፥ ዕቅዱ ፍጥነትን ሳይሆን ደኅንነትን መከተል አለበት።

በመጀመሪያ፥ ከፍ ያለውን አቀበት በመኪና አውጥቶ ቁልቁለቱንና ሜዳውን ለቢስክሌት መተው ይበጃል። ሁለተኛ፥ ቁልቁለቱ ረጅም ስለ ሆነ ጧት ከመነሣት በፊት ፍሬኑን አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ የእንግዳው ቢስክሌት ጎማ በከተማችን ከሚሸጠው ጋር በልክ ላይገጥም ስለሚችል፥ ካላማዳሪ፥ የፍሬን ላስቲክ፥ የካቴና ማያያዣና መንፊያ ከአገሩ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ይጻፍለት። ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ በየከተማው ይገኛል፤ ልዩ መለዋወጫ ግን አይገኝም። አራተኛ፥ የመንገዱ ሁኔታ ከክረምት እስከ ክረምት ስለሚለዋወጥ፥ ባለፈው ዓመት የታየውን ሳይሆን በዚያው ሳምንት የሄደውን ሾፌር መጠየቅ ይገባል። አምስተኛ፥ ከቢስክሌቶቹ በስተኋላ ውሃና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ የያዘ መኪና መከተል አለበት። በመንገዱ ከብት የሚነዳ፥ እህል የሚያሰጣና ጋሪ የሚጎትት ስላለ፥ ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱ የባላገሩ መሆኑን እንግዳው ይወቅ።

6ኛ. የዐሥራ ሁለት ቀን ዕቅድ ምሳሌ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ዕቅድ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል።

1ኛው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ። አዳር ሮቤ።

2ኛው ቀን፤ ዕረፍት። ቢስክሌቶቹን ገጣጥሞ ለመሞከር ብቻ ከሮቤ ወደ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ሄዶ መመለስ። አዳር ሮቤ።

3ኛው ቀን፤ ወደ ዲንሾ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መውጣት፤ የፓርኩን ፈቃድ መቀበል፤ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው ደን የደጋ አጋዘን መመልከት። አዳር ዲንሾ።

4ኛው ቀን፤ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ በዲንሾ አካባቢ። አዳር በዚያው፤ ይህ ቀን ለሳንባ የተሰጠ ቀን ነውና በምንም ምክንያት እንዳይሰረዝ።

5ኛውና 6ኛው ቀን፤ ጓዝ በፈረስ ጭኖ በእግር ወደ ፊንጫ ሐበራ መሄድ፤ በወይብ ሸለቆ ሁለት ሌሊት ማደር። በዚህ ስፍራ ባለው የዋሻ ጥላ ሰዎች ከ47,000 ዓመት ጀምሮ ይኖሩበት እንደ ነበረ፥ ትልቁን ፍልፈልም እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበረ ሊቃውንት በነሐሴ 2011 ዓ.ም. አስታውቀዋል።

7ኛው ቀን፤ ወደ ዲንሾ ተመልሶ በመኪና ጎባ ገብቶ ማደር።

8ኛው ቀን፤ በመኪና ወደ ሰነቲ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱን መጎብኘት፤ ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን አይቶ፥ ፓርኩ ከፈቀደ ቁልቁለቱን በቢስክሌት ወርዶ በሐረና ደን አፋፍ ባለችው በሪራ ማደር።

9ኛው ቀን፤ ጧት በሐረና ደን በእግር መዘዋወር፤ የጫካ ቡናና የደን ማር ከአምራቹ እጅ መግዛት፤ በመኪና ወደ ሮቤ መመለስ።

10ኛው ቀን፤ ከሮቤ ወደ ጎሮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በቢስክሌት መጓዝ። አዳር ጎሮ።

11ኛው ቀን፤ ማልዶ ወደ ሶፍ ዑመር መውረድ፤ ዋሻውን መጎብኘት፤ ቢስክሌቶቹን በመኪና ጭኖ ወደ ሮቤ መመለስ።

12ኛው ቀን፤ ወደ አዲስ አበባ።

አንባቢ እንደሚመለከተው፥ ሰነቲ በ8ኛው ቀን የመጣው ሰውነት አየሩን ከለመደ በኋላ እንዲሆን ነው፤ የሶፍ ዑመርም ዳገት ለመኪና ተትቷል። እንግዳው ወደ አገሩ የሚመለስበት የአውሮፕላን ቀን ግን ከ12ኛው ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ይራቅ።

7ኛ. ስለ ሒሳብና ስለ ውል

የጉዞ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንግዳው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ወጪ ሲሆን፥ የመኪና ኪራይና የመሪ ደመወዝ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው በእንግዳው ቁጥር የሚጨምረው የምግብ፥ የአልጋና የመግቢያ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል የመኪናው ኪራይ 40,000 ብር ቢሆንና እንግዶቹ አራት ቢሆኑ የያንዳንዱ ድርሻ 10,000 ብር ነው። አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ቢቀር ግን የሦስቱ ድርሻ 13,333 ብር ይሆናል። ይህ ልዩነት በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ካልተጻፈ፥ የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነው።

ስለዚህ ውሉ እነዚህን ነገሮች ይግለጥ፤ ቀብዱ ስንት እንደ ሆነና መቼ እንደሚከፈል፤ የቀረ እንግዳ ከቀብዱ ምን እንደሚመለስለት፤ የታመመ እንግዳ በሚወርድበት ጊዜ የመኪናውን ወጪ ማን እንደሚችል፤ በጎርፍ ወይም በሌላ ምክንያት ዋሻው ቢዘጋ በምትኩ ምን እንደሚደረግ፤ የአካባቢው ፀጥታና የመንገዱ ሁኔታ ከመነሻው በፊት ከአስተዳደሩ ተጠይቆ እንደሚወሰን። ከጠቅላላው ሒሳብ ላይም ዐሥረኛው እጅ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። የመሪዎቹንና የባለ ፈረሶቹን ክፍያ በተመለከተ፥ ቀኑ ሲያልቅ ሳይውል ሳያድር በእጃቸው መስጠት ይገባል። ሌሊት በተራራ ላይ ሕመምተኛ ተሸክሞ የሚያወርደው እርሱ ነውና፥ ከእርሱ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ ቁጠባ አይባልም።

8ኛ. ስለ ዋና ገንዘቡ ጥበቃ

እያንዳንዱ ነጋዴ ከትርፉ ይበላል እንጂ ዋና ገንዘቡን አይበላም። የዚህ ንግድ ዋና ገንዘብ ተራራው፥ ደኑና ዋሻው ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ ሲሆን፥ በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ ቀርቶ ከዚያም ከእኩሌታው የሚበልጠው በባሌ ይኖራል። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ብርቱ ጠላቱ ስለ ሆነ፥ ከጓዝ ጋር ውሻ ማስከተል ክልክል መሆኑን ለባለ ፈረሶችም ማስረዳት ይገባል። በአስታው ቁጥቋጦ መካከል እሳት አይነድም፤ የተጣለ ቆርቆሮና ላስቲክም ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይመለሳል።

ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ ያለው፥ በኢትዮጵያ ረጅሙ ዋሻ ነው። ውሃው የበሃውን ድንጋይ ሲፈለፍለው ኖሮ፥ በእጅ የታነጹ የሚመስሉ ዓምዶችን አቁሞበታል። ስያሜውም በዚህ ስፍራ እንደ ተቀመጡ ከሚነገርላቸው ከሼክ ሶፍ ዑመር የተገኘ ስለ ሆነ፥ ለምእመናኑ የተከበረ ስፍራ ነው። እንግዳው ያለ አገሬው መሪ አይግባ፤ ልብሱ ለስፍራው ክብር የሚገባ ይሁን፤ ሰው ሲጸልይ ፎቶግራፍ አያንሣ። እያንዳንዱም ሰው አንድ ዋና መብራት፥ አንድ ተጠባባቂ መብራትና ትርፍ ባትሪ ይያዝ፤ በዋሻ ውስጥ የጠፋ መብራት በገንዘብ አይገዛምና።

ለመልመጃ

አንባቢ እስከዚህ የተነገረውን መረዳቱን ለማወቅ ቢፈልግ ይህን ያስላ። አንድ እንግዳ በአንድ ቀን 12 ኪሎ ሜትር ሊሄድና 900 ሜትር አቀበት ሊወጣ ቢያስብ፥ ስንት ሰዓት ያስፈልገዋል? ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፥ ለአቀበቱ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ፥ በድምሩ 3 ሰዓት ከ54 ደቂቃ፤ ሢሶው ሲጨመር 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፤ ከዕረፍቱ ጋር 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። መልሱ በዚህ አያበቃም። የመነሻው ከፍታ 3,000 ሜትር ከሆነና ማደሪያው በላይኛው ጫፍ ከሆነ፥ ሰዓቱ ቢበቃም ዕቅዱ ስሕተት ነው፤ የመኝታው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ጨምሯልና።

እኔም ዛሬ ዕቅድ በጻፍሁ ቁጥር ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ ሁለት ዐምዶች አሰምራለሁ፤ አንዱ ለቀኑ አቀበት፥ ሌላው ለማታው መኝታ ከፍታ። ጌታዬ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ አስቀድመው የሚያነቡት እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ይመለከታሉ።